እግሬን አትዩብኝ

ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሮማዊ አገርህን ጠይቆህ «ኢትዮጵያ» ስትለው ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ እግርህ ይወርዳል። ጫማ ማድረግህን ሲያይ ትንሽ ቅር ይለዋል። ቀጥሎ «አበበ ቢቂላ!» ይልና ከወገብህ በታች ያለውን ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ይገመግመዋል። ከወገብህ በላይ ያለውን፣ በተለይ ቦርጭህን፣ እንዳላየ ያልፈዋል።

ይህ አመላቸው መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በሰው አገር የወገንህን ስም በክብር የሚጠራልህ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እየቆየ ግን ዕዳ ሆነብኝ። አበበ በሮጠ እኔ ምን አድርጌ ልጠየቅ? እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ሮጥኩ ከተባለ የሮጥኩት ለመጨረሻው ታክሲ ነው፤ እሱም ቢሆን ረዳቱ «ሞልቷል!» ሲል እመለሳለሁ።

ሩጫ ያስጀመሩኝ የምኖርበት ሕንፃ በር ጠባቂ ሲኞራ ናቸው። ለተከራዩ ሁሉ «ሦስተኛ ፎቅ የኢትዮጵያ ሯጭ ገብቷል» ብለው አወሩ። ማን ነገራቸው? ማንም። ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬ አትሮጥም እንዴ?» ይሉኛል። ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። ቅባት ሰጡኝ። ቅባቱ ሲያልቅ ሰበቤም አብሮ አለቀ። ከአንድ ሕንፃ ሙሉ ሕዝብ ጋር ከመቀያየም ሶምሶማ ይሻላል ብዬ ቱታና ማልያ ገዝቼ ወጣሁ።

ሲኞራ አበበን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ ይላሉ። ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያይተዋል። አላምናቸውም አልልም። ግን ያን ማታ አፒያ መንገድ ዳር ነበርኩ የሚሉኝን ሮማውያን ሁሉ ሰብስበን ብናቆማቸው አበበ የሚሾልክበት ቀዳዳ ባልተገኘ። ደግሞ በእነሱ ብቻ አልፈርድም። ቅድመ አያቱ ዓድዋ ያልዘመተ ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ያን ማታ የምለው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.ን ነው፤ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960። እኛ ዘንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ሙቀቱን ሽሽት የኦሊምፒኩን ማራቶን ወደ ማታ ገፉትና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ለቀቋቸው። ማብቂያው እንደ ወትሮው ስታዲየም ውስጥ አልነበረም፤ ኮሎሲየም አጠገብ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነበር። አፒያ ላይ ጨለማ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆሙ።

ከዚያ ሩጫ እኔ በጣም የምወደው ግን የቁጥሩን ነገር ነው። አበበ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ። ራዲ ለብሶ የመጣው 185ን ነው። አበበ አጠገቡ የሚተነፍሰውን 185 ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ 26 ቁጥርን ፊት ለፊት ሲፈልግ ሲፈልግ ሮምን ጨረሳት። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። የዓለም ምርጥ ሰዓት፣ ያውም በባዶ እግር።

እኔ ፊት ለፊት የምፈልገው የለኝም። ሁሉም ከኋላ መጥቶ ነው የሚያልፈኝ።

ሮም ውስጥ ሶምሶማ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚወርደው ቴቬሬ ወንዝ ዳር ነው። ይህች ከተማና ወንዟ ለብዙ ዘመን አልተስማሙም። በ1870 (ከዚህ በኋላ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ጎርፉ መሃል ከተማ ድረስ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወንዙን ግራና ቀኝ በረጅም ግንብ አጠሩት። ከግንቡ በላይ መኪናና ትልልቅ ዛፍ፣ ከግንቡ በታች ከውኃው ጎን ሰፊ የድንጋይ መሄጃ። ደረጃውን ወርደህ ታች ስትደርስ የክላክሱ ጩኸት ከላይ ይቀራል። ሮም ውስጥ ሞተር ብስክሌት ሳያስደነግጥህ ማሰብ የምትችልበት ቦታ ይህ ነው።

አንድ ችግር አለው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ መሄጃውን ይውጠዋል፤ ሲጎድል ጭቃውን ጥሎልህ ይሄዳል። በጋ ላይ ደግሞ ዳር ዳሩን መጠጥ ቤትና ድንኳን ይሞላዋል፤ ሰው ቢራውን ይዞ አንተን ያያል፣ አንተም ቢራውን ታያለህ። ከሁለቱ የሚያዘገየኝን ታውቃላችሁ። በመሃል ባሉት ወራት ሰው ሳይበዛ ድመት የሚያህል፣ አይጥ የሚመስል ኑትሪያ የሚሉት እንስሳ ሣሩ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ስትሮጥበት አይሸሽም። ፍጥነትህን አይቶ የፈረደ ይመስላል።

ከሲስቶ ድልድይ እስከ ማዚኒ ድልድይ ባለው ግንብ ላይ የደቡብ አፍሪካው ሠዓሊ ዊልያም ኬንትሪጅ በ2016 ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝም ሥዕል ሠርቷል። ቀለም የሚባል አልነካውም። ግንቡ ላይ ለዘመናት የተጋገረውን ጥቀርሻ በውኃ ግፊት እያጠበ፣ ያልታጠበው ጥቁር ሥዕል ሆኖ እንዲቀር አደረገ። ፈረሰኛ፣ የተሸነፈ ንጉሥ፣ ስደተኛ በጀልባ። አዲስ ጥቀርሻ በተጋገረ ቁጥር ሥዕሉ እየጠፋ ይሄዳል፤ አስቦበት ነው። እኔ እንኳን በምሮጥበት ጊዜ ውስጥ ሲደበዝዝ አይቼዋለሁ፤ በፍጥነቴ የምቀድመው ነገር ቢኖር እሱን ነው።

ወደ ሰሜን ስትቀጥል የጴጥሮስ ባሲሊካ ጉልላት ከዛፉ በላይ ብቅ ይላል። ከባሲሊካው ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ነው። የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በ1548 ታትሞ መውጣት የጀመረው እዚያ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ትጋት ነው። እነዚያ አባቶች ከደብራቸው ተነሥተው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በእግርም በመርከብም ሮም ይገቡ ነበር። ሰዓት የያዘላቸው የለም። ሲደርሱ ማንም «ስንት ገባህ?» አላላቸውም። እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ ብዬ ራሴን ባጽናና የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያም ሚልቪዮ ድልድይ። መስቀል በሰማይ ታየው የምንለው ቆስጠንጢኖስ፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ በ312 ጠላቱን ማክሴንቲዮስን ድል ያደረገው እዚህ ነው፤ ማክሴንቲዮስ ወንዙ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ደመራ ስንለኩስ ያደግን ሰዎች እዚህ ቦታ ስንደርስ ቆም ማለት ያምረናል። ሮማውያን ወጣቶች ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር የሚቆሙት፤ ፍቅራቸው እንዲጸና ድልድዩ ላይ ጋን ቁልፍ ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ ይጥሉ ነበር። ብረቱ በዝቶ ድልድዩን ሲያሰጋ ማዘጋጃ ቤቱ በ2012 አነሳው። ስንቱ ፍቅር በዚያው ዓመት እንደፈረሰ የቆጠረ የለም።

እዚህ ድልድይ ላይ ነው አንድ ነጭ ፀጉር ሽማግሌ፣ ቁምጣቸው ከጉልበታቸው በላይ የቀረ፣ ከኋላዬ መጥተው «ፎርዛ፣ አበበ!» ብለውኝ ያለፉኝ። አይዞህ ማለታቸው ነው። እኔም ወዲያው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

ስለ ጫማ ክር አንድ ነገር ልበል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው አባቶቻችን የተረቱት ለነቀፋ ነበር። ለእኔ በረከት ነው። ትንፋሽህ ሲያጥር «ደከመኝ» አትልም፤ ጎንበስ ትላለህ። ቀኙን ትፈታለህ፣ ታስራለህ። ግራው ይቀናል፤ እሱንም። ያየህ ሁሉ ጠንቃቃ ሯጭ ይልሃል። አበበ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር መሮጡን ሳስብ የሚገርመኝ የእግሩ ጥንካሬ አይደለም፤ ማረፊያ ሰበብ ሳይዝ መውጣቱ ነው።

ሌላው የእኔ ብጤ ወዳጅ ቦኖ ውኃ ነው። ሮም ውስጥ 2,500 ያህል የብረት ቦኖ መንገድ ዳር ተተክሏል፤ ናሶኔ ይሏቸዋል። ብዙዎቹ መዝጊያ የላቸውም። ቀን ከሌት፣ ሰው ኖረም አልኖረም ይፈስሳሉ። አፉን በጣትህ ስትደፍነው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይተፋልህና ሳትጎነበስ ትጠጣለህ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ጥማቱን ይረሳል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የምዘጋበት ነገር ፈልጌ ዙሪያውን ዳብሻለሁ። አሁንም ቢሆን በሌሊት ለማንም የሚፈስሰውን ሳይ በሐሳቤ ቢጫ ጀሪካን እደረድራለሁ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል የሰማ ጆሮ እንዲህ በቀላሉ አይለምድም።

ሲኞራ ግን እንዳልጠጣ ያስጠነቅቁኛል። ላብህ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጣ፣ አንገትህን ሸፍን፣ ነፋስ እንዳይመታህ። ይህን ሲሉ ጣሊያንኛው ይጠፋኝና እናቴ የምትናገር ይመስለኛል። ምች የምንለውን ነገር በስሙ አያውቁት እንጂ በደንብ ያውቁታል። ጣሊያንና ሐበሻ በነፋስ ጉዳይ ላይ ተዋግተው አያውቁም።

ወደ ገጠሩ መውጣት የፈለገ ሰው መንገዱ አፒያ ነው። አፒዮስ ክላውዲዮስ የተባለው ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 አስጀምሮት እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ድረስ የተዘረጋ። ዩኔስኮ በ2024 መዝግቦታል። አለት የሚያህለው ጥቁር ድንጋይ በየቦታው እስካሁን እንደተነጠፈ ነው፤ የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው መስመር በጣትህ ይዳሰሳል። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ክረምት በገባ ቁጥር ለቧንቧ ሲነቀል ላየ ሰው ትንሽ ያሳፍራል።

መጀመሪያው ግን መጥፎ ነው። ከሰባስትያኖ በር እንደወጣህ መንገዱ ይጠብባል፣ የእግረኛ ዳር የለውም፣ መኪናው ክንድህን እየታከከ ያልፋል። እዚያ ጋ ማንም ሰው ፈጣን ሯጭ ይሆናል።

ብዙም ሳትርቅ ዶሚነ ኮ ቫዲስ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ትውፊቱ እንዲህ ነው፦ ቅዱስ ጴጥሮስ ከኔሮን ስደት ሸሽቶ በዚህ መንገድ ሲወጣ ጌታን ወደ ከተማው ሲገባ አገኘው፤ «ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ «ዳግመኛ ልሰቀል» አለው። ጴጥሮስ አፍሮ ተመለሰ፣ ቁልቁልም ተሰቀለ። ውስጥ የባዶ እግር ዱካ ያለበት ድንጋይ ያሳዩሃል፤ ቅጂው ነው፣ ዋናው ቅዱስ ሰባስትያኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያለው። አፒያ ላይ እያለከለከ ወጥቶ መሃል መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው እንግዲህ ጴጥሮስ ነው። እኔ እዚያ ስደርስ የምመለሰው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ካልተመለስክ ሁለት ምርጫ አለህ። አንዱ በካሊስቶ ካታኮምብ ግቢ ውስጥ የሚያልፈው፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ የቆመበት ጸጥ ያለ መንገድ ነው፤ ከሥርህ የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር በፎቅ በፎቅ ተቆፍሯል። ከዚያ ቼቺልያ መቴላ የምትባል የባለጠጋ ልጅ ክብ መቃብር ጋ ያወጣሃል፤ ከእሷ ወዲያ ጥድ፣ ፍርስራሽና ሜዳ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ ለመሮጥ አትሞክር። ዳሩ ላይ የአፈር መንገድ አለ፤ ቁርጭምጭሚትህ ያመሰግንሃል።

ሁለተኛው ካፋሬላ ነው፤ እኔ የምመርጠው። በሦስት ወገን ፎቅ የከበበው ሸለቆ ነው፤ አልሞኔ የምትባል ምንጭ ብጤ ወንዝ መሃሉን ታቋርጣለች፣ የጥንት ወፍጮ ቤት፣ ቁጥቋጦ፣ እንጆሪ። በጎችም አሉበት። እውነተኛ በጎች፣ ከእውነተኛ እረኛና ውሻ ጋር፣ ከሜትሮ ጣቢያ ብዙ ሳይርቁ። አንድ ጠዋት መንጋው መንገዱን ሞልቶ ሯጩ ሁሉ በሁለቱም ወገን ቆመ። ጣሊያኖቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ፤ ሰዓታቸው እንዳይቆም። አብሮኝ የነበረው የደብረ ብርሃን ልጅ ግን ከንፈሩን ሰብስቦ የአገሩን የበግ መጥሪያ አሰማ። መንጋው ቀጥ አለ። ቀጥሎ ሁሉም ጭንቅላት ወደ እኛ ዞረ፤ የእረኛውም ጭምር።

«የት ተማርከው?» አለው እረኛው። «ቤቴ» አለው። ከዚያ ወዲያ ሩጫ አልነበረም። ስለ በግ ቆሻሻ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀበሮ ሲያወሩ ረፈደ። ሁለቱም ሳይግባቡ ተስማሙ። አበበም የጃቶ ልጅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም፤ በልጅነቱ ከብት ጠብቋል። የሮም ሰው የእኛን ሰው እግር ከሚያይ የፉጨቱን ሳንባ ቢያይ ይሻለው ነበር።

ስለ ልብስም ልናገር። ጥቁር ሰው በቱታ ሲሮጥ ሯጭ ነው። በጂንስ ሲሮጥ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያወቅሁት አንድ ማታ ከሥራ ወጥቼ፣ እንደ አዲስ አበባ ዘመኔ፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ልደርስበት ስሮጥ ነው። ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ። ወረቀት አሉ። ሶጆርኖዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አወጣሁ። አንዱ በባትሪ አብርቶ አነበበ፣ አገሬ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ባትሪውን ቀስ አድርጎ ወደ እግሬ አወረደው። «አበበ ቢቂላ!» አለ፤ ባልደረባውንም ጠርቶ አሳየው። ስለ አባቱ አወራልኝ። አባቱ አፒያ ዳር ነበሩ። ይኼኔ አውቶቡሱ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ሶምሶማ ስወጣ ሶጆርኖዬን ካልሲዬ ውስጥ እከተዋለሁ። አበበ ጫማውን ትቶ ሮጠ፤ እኔ ወረቀቴን ትቼ ደጅ አልወጣም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት ትስቃለች። ተርሚኒ አካባቢ ምግብ ቤት አላት፤ ሐበሻ የሚቀጣጠርበት ሰፈር። እዚያው ቅርብ የዶጋሊ ሐውልት ቆሟል፤ ራስ አሉላ በ1887 ለደመሰሷቸው ጣሊያኖች መታሰቢያ፤ የጣቢያው አደባባይም በእነሱ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። የአስመራውም የአዲስ አበባውም ልጅ «ሐውልቱ ጋ እንገናኝ» ይባባልና አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ሐውልቱ ሥር ቆሞ ስልኩን ይነካካል። የአክስቴ ልጅ በላብ ተጠምቄ ስገባ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደግሞ ዛሬ ማን አባረረህ?»

የአበበን ሩጫ መጨረሻ መሮጥ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ከካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ጎን ባለው ዛፋማ መንገድ መጥተህ ፖርታ ካፔና ትደርሳለህ። ሙሶሊኒ በ1937 ያስመጣው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር፤ አበበም ከራዲ ተነጥሎ የፈተለከው እዚሁ ሲደርስ ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል። ዛሬ እዚያ ቦታ ሯጭ የሚያስቆመው የትራፊክ መብራት ነው፤ ቀዩ ረጅም ነው፤ ለእኔ ይስማማኛል። በስተግራህ ጥንት ሠረገላ ይወዳደርበት የነበረው ቺርኮ ማሲሞ ተዘርግቷል፤ ዙሩን የሚሮጡት ብዙ ናቸው። ከመብራቱ ወዲያ ቀጥ ብሎ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። በ2010፣ የአበበ ድል 50 ዓመት ሲሞላው፣ የእኛው ሯጭ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን ሲመራ መጨረሻው አካባቢ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። አንደኛ። እኔም አንድ ጊዜ ጫማዬን ለማውለቅ አስቤ ነበር፤ ክሩን ስፈታ ዕረፍቱ ስለጣመኝ በዚያው ቀረ።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ሮም ለፈጣን ሰው አትሆንም። የሚታየው ብዙ ነው፤ ድንጋዩ ያነቅፋል፤ በጉ ያግዳል፤ ሽማግሌው ያስቆምሃል። ፈጥኖ መሮጥ የሚገባው ሰው ፈጥኖ ሮጦባታል፤ ለቀረነው ቀስ በቀስ ነው።

ሮም የምትመጣ አንባቢ ብትኖር እሁድ ጠዋት ከፀሐይ በፊት ውጣ፤ ነሐሴን ተወው፤ ወረቀትህን ያዝ። በካፋሬላ ግባ፣ በአፒያ ተመለስ፣ በቅስቱ ጨርስ። ለምሳ ወደ አክስቴ ልጅ ምግብ ቤት በእግርህ መምጣት የለብህም፤ ከቺርኮ ማሲሞ እስከ ተርሚኒ በሜትሮ ሦስት ጣቢያ ነው።